የአባቷን መኪና የጣለችው መርማሪ

በመኪና ምርመራ ጣቢያው ብዙ መስመር ነበር፤ አባትየው ግን አሮጌዋን የጭነት መኪናውን ሆን ብሎ ልጁ በምትመረምርበት መስመር አሰለፋት። ደረቱን ነፍቶ፣ በመስኮቱ ሥር ለሚያልፍ ሹፌር ሁሉ «መርማሪዋ እኮ ልጄ ናት» ይላል።

እሷ መኪናዋን እንደ ማንኛውም መኪና ዞር ዞር ብላ አየቻት። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልቆ የሕፃን ድድ መስለዋል። የግራው መብራት ሰማይ ሰማይ ያያል። ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ አዳራሹን አጨለመው። ይሄስ ይሁን፤ መፈተሻው ላይ ፍሬን ሲረገጥ የቀኙ ጎማ ቀጥ ሲል የግራው ምንም እንዳልሰማ መሽከርከሩን ቀጠለ።

«አባዬ፣ ውረድ። ወድቃለች።»

«ማን ናት የወደቀችው?»

«መኪናህ።»

ሹፌሮቹ አንገታቸውን አሰገጉ። የአባትየው ፊት በርበሬ መሰለ። «ጡት ነካሽ! በዚች መኪና እኮ ነው ያሳደግኩሽ!»

«አሳድገኸኛል። ለዚህ ነው በዚህ ፍሬን ቁልቁለት ውረድ ብዬ የማልፈርመው።»

«ፈርሚ ብዬሻለሁ!»

«አልፈርምም!»

ማታውኑ እናቷ ደወለች፤ «ምናለ አንዴ ዓይንሽን ብትጨፍኚ?» አጎቷ ቤቷ ድረስ መጥቶ ገላጋይ ልሁን አለ። አለቃዋ እንኳ «ለሌላ መርማሪ እንስጠው፣ አንቺ እንዳላየሽ ሁኚ» አላት።

«ሌላ ሰው ይየው፣ ደስ ይለኛል። ፍሬኑ ግን ለእሱም አይዝም። እኔም ያየሁትን አላየሁም አልልም!»

ይህን ብላ ወደ መስመሯ ተመለሰች። አባቷ ከዚያ በፊት አኩርፏት አያውቅም ነበር።

በሳምንቱ ያቺው መኪና ፊቷ መጥታ ተገተረች። ጎማው አዲስ፣ መብራቱ ተስተካክሎ፣ ጭሱ ቀንሶ።

«እስቲ አሁን ጣይኝ!» አለ አባትየው።

ፍሬኑ በሁለቱም በኩል ጥርቅም አድርጎ ያዘ። መርማሪዋ ከሥር ገብታ መሪውን ወዘወዘችና ቆይታ ወጣች። ባለፈው ፍሬኑ ስለጣላት ምርመራው እስከዚህ አልደረሰም ነበር።

«የመሪው መገጣጠሚያ ላልቷል። ወድቃለች።»

አባትየው አፈጠጠባት። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ «መካኒኩ ሲከፍተው የፍሬኑ ሸራ እጁ ላይ ፍርስርስ አለ» አላት። «ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ትሞትብኛለች።»

ወዲያው ድምፁን ከፍ አደረገ። «መሪ ነው አይደል ያልሽው? እናያለና!»

መኪናዋን ግቢው ዳር አቁሞ መካኒኩን አስጠራ። ሁለቱም ከሥሯ ገብተው፣ እግራቸው ብቻ እየታየ፣ ሲነታረኩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መሪውን በድጋሚ ፈተሸች፤ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ፈረመች።

አባትየው ወረቀቱን መንጭቆ ተቀበላት። «እንደታረቅን እንዳታስቢ» አለ። «እራት ግን እቤት ነይ፤ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው።»