ስድስት ጥቅል ክር

"እይታ?" አለ ሰብሳቢው ዓይኑን ከቅጹ ሳያነሳ። "ደካማ ብለህ ጻፍ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ መነጽርም አድርገዋል።"

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንስቶ ቀረ። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ምስክር እናቱ ናት፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጠዋት ቁርስ ላይ "እማዬ፣ እዚያ ስትመጪ አታውቂኝም፣ እሺ?" ብሏት ነበር። የዘመዱን ቃል የመዘገበ ጸሐፊ ከአጣሪ ኮሚቴው ይወጣል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር አፍሮባት ነበር። ኮሚቴው የሚያጣራውን የሰማይ መብራት አይቻለሁ ካለች ወዲህ ሰፈርተኛው "ባለመብራቷ" ይላታል። የምትሠራበት የስፌት ድርጅት አለቃማ "ዓይንሽ መቃዠት ጀምሯል" ብሎ፣ ክርን ከጨርቅ ቀለም ጋር ስታዛምድ ሃያ ስድስት ዓመት ከኖረችበት ወንበር አንስቶ ቁልፍ ተከላ ላይ አስቀምጧታል። የኮሚቴው መዝገብም "ደካማ" ካለ፣ ወንበሩ በቃ፣ ሄደ።

"ደካማስ አይደለም፣ ጌታዬ" አለች እናቱ። "መነጽሩ ለመርፌ ቀዳዳ ነው። ሩቁን ያለ እሱ ነው የማየው።"

"እሺ እናት። አሥራ አራት ሰው መብራቱ ቀይ ነው ብሎናል። እርስዎስ?"

"ቀይ አልነበረም።" ከቦርሳዋ ስድስት ጥቅል ክር አውጥታ ደረደረች። ለጸሐፊው ሁሉም ያው ብርቱካናማ ናቸው። እሷ ሦስተኛውን ገፋ አደረገችው። "ይሄ ነው።"

ሰብሳቢው ሳቀ። "ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?"

"ለእርስዎ አንድ ናቸው። ሸሚዝዎን የሰፋውም ሰው እንደዚያ መስሎታል፤ ኪስዎ በሌላ ክር ነው የተሰፋው።"

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ኪሱን አየ። ከጎኑ የተቀመጠችው የኮሚቴው የበረራ ባለሙያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክሮቹን ሰበሰበችና እስከ ረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ ሄደች። ከዚያ ሆና አንድ በአንድ ከፍ ታደርግ ጀመር።

እናቱ መነጽሯን አወለቀች። "አይደለም። አይደለም። እሱም አይደለም... እሱ ነው!"

ሦስት ጊዜ ተደባለቁ፤ ሦስቴም ያንኑ ክር አወጣች።

"መጠኑስ፣ እትዬ?" አለች ባለሙያዋ ተመልሳ። "የቤት ያህል ያሉን አሉ፣ የሰሃን ያህል ያሉንም አሉ።"

"ከሥራ ስወጣ ስለሆነ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ ለካሁት፤ አንድ ሳንቲም ተኩል። ከፊት ለፊት ካለው የውሃ ታንከር አናት ወደ ላይ ደግሞ ስምንት። መቶ አርባ እስክቆጥር ንቅንቅ አላለም።"

"ለካሁት ነው ያሉት?!" አለ ሰብሳቢው።

"ታዲያ ሳልለካ ላውራ?"

ባለሙያዋ የሴትየዋን ክንድ ለክታ ወረቀት ላይ ማስላት ጀመረች። "በሦስት ቀን ውስጥ ልሠራበት የምችል ቃል ሳገኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው" አለች በመጨረሻ። "ምን እንደሆነ አላውቅም። የትኛውን የሰማይ ጥግ እንደምመረምር ግን አሁን አውቃለሁ።"

"እናት፣ ለመሆኑ ምን ይመስልዎታል?" አለ ሰብሳቢው። ድምፁ ለዝቧል።

"እሱን እናንተ ፈልጉ። እኔ ያየሁትን አምጥቻለሁ።"

ሰብሳቢው ኪሱን በእጁ ሸፈን አድርጎ ወደ ጸሐፊው ዞረ። "እይታ... እጅግ ጥሩ በል።"

ጸሐፊው አድምቆ ጻፈው። ቀጣዩ መስመር "ምስክሩ ከመዝጋቢው ጋር ያለው ዝምድና" ይላል፤ ጠዋት ራሱ "የለም" ብሎ የሞላው።

"ጨረስን፣ አቶ ጸሐፊ?" አለች እናቱ፣ እንደተነገራት፣ ባዳ ሆና።

"የለም" የሚለውን ሰረዘና "እናቴ ናት" ብሎ ጻፈ። ቅጹን ከነእስክሪብቶው ወደ ባለሙያዋ ገፋው።

"እርስዎ እንደ አዲስ ይገልብጡት። እኔ ከእንግዲህ መዝጋቢ መሆን አልችልም።"

ከዚያ ወንበሩን አንስቶ ጠረጴዛውን ዞረና አጠገቧ አስቀመጠው።

"አልጨረስንም፣ እማዬ" አለ። "ፊርማሽ ይቀራል።"