የአባዬ መጥረቢያ አዲስ ዛቢያ

ከመካኒሳ አቦ እስከ ላፍቶ ለመጥረቢያ ዛቢያ በመግጠም የሚስተካከለኝ የለም። ወንዶቹንም ጨምሬ ነው የምለው። ዛቢያ ለማታውቁ የኮንዶሚኒየም ልጆች፣ እጀታው ማለቴ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ መምህራችን «የዚች ልጅ ምላሷ ብቻ ነው የሚሠራው» ብለው ነበር። እጄን አላዩትማ።

ሙያውን ያስተማረኝ አባዬ ነው። አባይነህ ፈላጩ ካላችሁ ማንም ያሳያችኋል። ሰርግ ሲደገስ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ግንዱን የሚፈልጠው እሱ ነበር። መጥረቢያውን ከአያቴ ነው የወረሰው። ብረቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተበልቶ አልቆ የቀረችው አንዲት ፊደል ናት። የዛሬ መጥረቢያ ሲያይ አባዬ «ቆርቆሮ» ብሎ ያልፈዋል።

ከፋሲካ በፊት ግቢያችን ውስጥ የጥድ ግንድ እየፈለጠ ሳለ ወደቀ። መጥረቢያውን እንደያዘ ስለወደቀ ዛቢያው ከአንገቱ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁም ቀኝ እግሩም አልታዘዝ አሉት፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ዞረና ንግግሩም ከበደው። አሁን ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥተን በር ላይ እናስቀምጠዋለን። እሱም ያንን ግማሹ የተፈለጠ ግንድ ሲያይ ይውላል።

እማዬ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምታኖረን። አንድ ቀን ቆራሌው በበራችን ሲያልፍ ጠራችውና ከተበሳ ድስት ጋር የመጥረቢያውን ብረት ልትሰጠው ስትል ከእጇ ነጠቅኳት።

«ምን ሊሠራልሽ ነው?» አለችኝ።

«ለኔ አይደለም። አባዬ ሲነሳ በጥርሱ ሊፈልጥ ነው?»

ቆራሌውም ድስቱን ብቻ ይዞ ሄደ።

አባዬ መጥረቢያውን ተዘጋጅቶ ካየ ይነሳል ብዬ አምኛለሁ። የአቦ ጠበልም የሆስፒታሉ ክኒንም ያላነሳውን ሰው ሥራው ይጠራዋል፤ ስንፍና የማያውቅ ሰው ነዋ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ጋሽ ዲንሳ የሚባሉ አናጢ ጎረቤት አሉን። ሄድኩና ደረቅ ወይራ ጠየቅኳቸው።

«ባህር ዛፍ ውሰጂ፣ እሱ ይቀልሻል» አሉኝ።

«ባህር ዛፍ ለመጥረጊያ ነው፣ ጋሼ።»

«በዚህ ምላስሽ ባል አታገኚም።»

«እርስዎ ደረቅ እንጨት ይስጡኝ እንጂ፣ ባሉንም ጠርቤ አወጣዋለሁ።»

እየሳቁ ከበሩ ጀርባ አንድ ቀጥ ያለ ወይራ አወጡ። «አባይነህ ተሻለው እንዴ?» አሉኝ።

«ሊነሳ ነው።»

ሳቃቸው ቆመ። ወይራውን ሰጡኝና ወደ መላጊያቸው ዞሩ።

መጀመሪያ ከብረቱ ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን ስባሪ አወጣሁ። ሰነፍ ሰው እሳት ውስጥ ይከተውና ስባሪውን ያቃጥለዋል። አብሮት ግን የስለቱ ጥንካሬ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ጎመን መክተፍ ነው። እኔ በሚስማርና በመዶሻ ትንሽ በትንሽ ነቅዬ ጨረስኩት።

ቀጥሎ ልክ መውሰድ ነው። በአባዬ ደንብ ዛቢያ በሜትር አይለካም፤ በባለቤቱ ክንድ ነው የሚለካው፣ ከብብቱ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ። ወይራውን ይዤ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከክሁ። ቀኝ እጁን አንስቼ ስዘረጋው ከበደኝ፤ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ነው የሚመስለው። ጣቶቹ ተጨብጠው ስለነበር አንድ በአንድ ፈታኋቸው። የመሀል ጣቱን ይዤ በከሰል ምልክት አደረግሁ፤ ስለቀው ተመልሶ ተጨበጠ። አባዬ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። እኔም ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁትም።

ጠረብኩት፣ ሞረድኩት፣ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። አባዬ የሚወዳትን ከታች በኩል ያለችውን ጎበጥ ያለች መያዣም አልረሳሁም። ብረቱ ሲገባ ደግሞ የማያውቅ ሰው ብረቱን ይቀጠቅጣል። የሚያውቅ ግን ዛቢያውን ዘቅዝቆ ይይዝና ቂጡን በእንጨት ይመታል፤ ያኔ ብረቱ በራሱ ክብደት እየወጣ ይጠብቃል። ጫፉን ሰንጥቄ ሽብልቅ መታሁበትና ስለቱን ሳልኩት። ሳነቃንቀው ንቅንቅ የለም።

አምጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይኸው፣ አባዬ። እንዲህ ያለ ዛቢያ በመካኒሳ ካለ አሳየኝ።»

በግራ እጁ ከአንገቱ ጀምሮ ዳሰሰው። ሽብልቁን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ መያዣዋ ላይ ሲደርስ ቆየ። በዚያ በተጣመመ አፉ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

«ጥሩ ነው» አለ። ቃሏን ለማውጣት ብዙ ታገለ።

«ጥሩ ብቻ? ያንን ግንድ እኮ አንተ ነህ የጀመርከው፤ ሌላ ሰው አላስነካም ብያለሁ። ስትነሳ ትጨርሰዋለህ።»

ግንዱን አየው። ከዚያ መጥረቢያውን በግራ እጁ ወደኔ ገፋው።

«በሞተ እጅ ነው የለካሽው» አለኝ፣ በየቃሉ እያረፈ። «አንድ ስንዝር ቁረጪለት፤ ፈላጯ አንቺ ነሽ።»