ክላክስ የሌለበት ንጋት

ገብረየስ በሕልሟ የሚመጣው ሁልጊዜ ንጋት ላይ ነው። ከሐዲዱ ማዶ፣ ከታክሲ መውረጃው በኩል፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ ይላል። ጭጋጉ እስከ ወገቡ ስለሚደርስ እግሩ አይታይም፤ የሚራመድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ ይመስላል። የሻሽወርቅ በወዲህ በኩል ቆማ ትጠብቀዋለች። እጁን ያነሳላታል። አንድ እግሩን ሐዲዱ ላይ ሲያሳርፍ የመጀመሪያው ባቡር ክላክስ ይጮኽና ትባንናለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው።

ሕልም እልም ነው ይላሉ። ይበሉ፤ እሷ ከባሏ ጋር የምትገናኝበት ሌላ ቦታ የላትም። ገብረየስ የሞተው እዚያው መሻገሪያ ላይ ነው። ለሚ ኩራ ዳር ያለውን የኮንዶሚኒየም ሰፈራቸውን ከዋናው መንገድ የሚለየው የባቡሩ መስመር ስለሆነ፣ ታክሲ የፈለገ ሁሉ ሐዲድ ይሻገራል። ገብረየስ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር ጠላቱ ነበር። ለዳቦ አይሰለፍም፤ ሻይ እስኪበርድ አይታገስም፤ ቅዳሴ ሳያልቅ ጫማውን መፈለግ ይጀምራል። የሻሽወርቅ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ስትተርትበት ሠላሳ ዓመት አብረው ኖሩ።

ዘንድሮ ሰፈሩ ሁለት ነገር አማረው፤ መሻገሪያው ላይ ሰው እንዳይሞት፣ ክላክሱም ሕፃንና በሽተኛ እንዳያባንን። የባቡሩ ሰዎች መላ አመጡ። የሚወርድና የሚነሳ የብረት ማገጃ ተተክሎ ጥበቃ ከቆመ፣ ሾፌሩ ክላክስ ሳያሰማ ማለፍ ይችላል። ግማሹን ወጪ እኛ፣ ግማሹን እናንተ አሉ። ሰፈሩ ከዕድሩ ሌላ ካዝና የለውም፤ የዕድሩ ገንዘብ ደግሞ በደንቡ ለቀብርና ለልቅሶ ብቻ ነው። ለድንኳንና ለንፍሮ የማይሰስተው ዕድር፣ ሰው እንዳይሞት ለማድረግ ሲሆን ደንብ አሰረው። ደንቡን ለመለወጥ የአባላቱ ሁሉ ፊርማ ያስፈልጋል።

ሁሉም ፈረመ። የሻሽወርቅ ብቻ ቀረች።

የዕድሩ ጸሐፊ አብዱልሐሚድ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ሻይ ጠጥቶ፣ እትዬ የሻሽወርቅ ዝናቡ እንዴት ነው ብሎ፣ መዝገቡን ሳይገልጥ ተመለሰ። ባሏ ሐዲድ ላይ ለቀረባት ሴት ሐዲድ ማንሳት ነውር ሆኖበት ነው። ሰፈሩም ሐዘኗ አልወጣላትም ብሎ ተዋት። እሷ የምትፈራው ግን ሌላ ነበር። ክላክሱ ከሌለ ሕልሙ የት ድረስ ይሄዳል? ወይ ገብረየስ መምጣቱን ይተዋል፤ ወይ ደግሞ በዚያ ቀን እንዳታይ ሰዎች የከለሏትን ነገር ታየዋለች። ሁለቱንም አትችልም።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት፣ ከጎረቤቷ ከፈዲላ ጋር አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ምስር እየለቀሙ፣ ለማንም ያልነገረችውን ሕልም ነገረቻት። ከታች ሐዲዱ ካፊያው ውስጥ ይታያል፤ ይጠፋል። ፈዲላ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ክላክሱን ሲሰማ ይቆማል?» አለቻት።

የሻሽወርቅ አሰበች። «አይ። ወደ እኔ መሮጥ ሲጀምር ነው የምባንነው።»

«የዚያን ለታስ?»

የዚያን ዕለትም ክላክሱ ጮኋል። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል፤ እሷም ወጥ እያማሰለች ሰምታለች። ገብረየስም ሰምቶ፣ እቀድመዋለሁ ብሎ ነው የሮጠው። ባሏን የሚያቆይላት መስሏት ስትሳሳለት የኖረችው ድምፅ ማንንም አላቆመም። ይህን ስታውቅ አለቀሰች።

ፈዲላ ሰፌዱን አስቀምጣ ጀርባዋን ደባበሰቻት። «አብሽሪ የሻሽዬ። ገብሬን እኮ ከብረት በቀር የሚያቆመው አልነበረም።»

የሻሽወርቅ ከነእንባዋ ሳቀች። የዚያኑ ቀን አብዱልሐሚድ ሱቅ ድረስ ወርዳ መዝገቡን ራሷ ጠየቀችውና ፈረመች። እሱ አሁንም ስለ ዝናቡ አወራት።

ማገጃው ክረምቱ እንደወጣ ተተከለ። ባቡሩ ያለ ክላክስ የሚያልፍበት የመጀመሪያው ንጋት ዋዜማ መተኛት ፈራች፤ ሆኖም እንቅልፍ ሳያስፈቅድ ወሰዳት።

ጭጋጉ መጣ፤ ገብረየስም መጣ። እጁን አነሳላት። ወደ ሐዲዱ ሲጠጋ ብረቱ ቀስ ብሎ ደረቱ ፊት ወረደ። ተናደደ፤ ግራና ቀኝ አየ፤ እንደ ልማዱ ምላሱን ጧ አድርጎ ሰዓቱን ተመለከተ። ቆመ ግን። ባቡሩ በሁለቱ መካከል ያለ ድምፅ አለፈ፤ መስኮቶቹ በርተዋል፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተደጋግፈው ተኝተዋል። በመስኮቶቹ ውስጥ ገብረየስ ይታያታል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይታያታል። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ሙሉ ሰውነቱ እዚያው ቆሟል። ብረቱ አልተነሳም፤ እሱም አልቸኮለም። ጢሙ ላይ ያለውን ሽበት፣ የኮቱን የጎደለ ቁልፍ፣ ሁሉንም እስክትጠግብ አየችው።

በሩ ሲንኳኳ ነቃች። ፀሐይ አልጋዋ ላይ ወጥታለች፤ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ፈዲላ እስካሁን ሳትነሳ ብትቀርባት ጊዜ ደንግጣ መጥታለች። የሻሽወርቅ በሩን ስትከፍትላት ፈዲላ ያበጠ ዓይኗን አይታ፣ አልመጣም እንዴ ብላ በፍርሃት ጠየቀቻት።

«መጣ» አለች የሻሽወርቅ። «ዛሬ ግን አልሞተም።»