ገብስማ ላባ

የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ የላባ ዝንብ ሰርቆ ምን ያደርግበታል?

ይህ ጥያቄ ፍሬምናጦስን አልለቀቀውም። ከኦክላንድ ብዙም በማትርቀው ኒውአርክ ካለው መጋዘን፣ የዕቃ ማንሻ ሮቦቶች ከሚጠግንበት ሺፍት ሲወጣ አብሮት መኪና ውስጥ ይገባል፤ ኦክላንድ ደርሶ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሀይቅ ዳር ያለው አፓርታማ ሲገባም ከኋላው ተከትሎ ይገባል።

ዝንቦቹን የሚያስቀምጠው በአንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ለማያውቃቸው ከቆሻሻ አይለዩም። እያንዳንዷ የጥፍር ያህል መንጠቆ ነች፤ ወገቧ በቀይ የሐር ክር ተጠምጥሟል፤ አንገቷ ላይ የዶሮ ላባ ዞሮባታል። ላባው ወደ ኋላ አይተኛም፤ ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ፊት ይከፈታል። ወንዝ ውስጥ ገብታ ክሩ ሳብ ለቀቅ ሲል ላባው ከፈት ከደን ይላል፣ ዝንቧ የምትተነፍስ ትመስላለች፤ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣም በሕይወት ያለች ዝንብ መስላው ይጎርሳታል። ጃፓኖቹ ኬባሪ ይሏታል።

ፍሬምናጦስ ይህን የተማረው እዚያው ጃፓን ነው። ምህንድስና ሊማር ሄዶ፣ ተራራ ሥር ባለች ከተማ ከአከራዩ ሽማግሌ ጋር ወንዝ ለወንዝ ሲዞር ከረመ። ዲግሪውን ይዞ አዲስ አበባ ሲመለስ ከተማው ጠበበው፤ በየምክንያቱ «እዚያ እኮ እንዲህ አይደለም» ማለት ሲያበዛ ወዳጆቹ ሸሹት። ዲቪ ሲደርሰው ኦክላንድ የእናቱ ታላቅ እህት እትዬ ያለምዘውድ ዘንድ መጣ። እዚህም አልረጋም። ሰው ሲስቅለት «ለምን ሳቀልኝ?» ይላል፤ ሰላም ሲሉት «ምን ፈልገው ነው?» ይላል። በዚህ ሁሉ ዘመን አምኖ ጀርባውን የሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለጋሽ ንጉሤ።

ጋሽ ንጉሤ በጃንሆይ ዘመን ኬሚስትሪ ሊማሩ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሳን ሆዜ ከልጃቸው ከቲና ጋር ይኖራሉ። ሁለቱ የተዋወቁት ለቅሶ ቤት ነው። ሌላው ሰው ስለ ቤት ዋጋ ሲያወራ እነሱ ጥግ ይዘው ስለ ዓሣ አወሩ፤ ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ንጉሤ «ሟቹ ይቅር ይበለን እንጂ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ይመጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ዝንብ ያስራሉ። በበጋው መጀመሪያ፣ የተራራው በረዶ ቀልጦ ወንዙ ጎደል ሲል፣ አብረው ሊወጡ ተቃጥረዋል፤ ራሳቸው ባሰሩት ዝንብ ብቻ ሊያጠምዱ።

«ከዘንድሮ ወዲያ ጉልበቴ ድንጋይ ላይ አያቆመኝም» ብለውታል። «ስለዚህ እንዳትቀልድብኝ፣ አንተ ልጅ።»

ችግሩ እጃቸው ነው። ይንቀጠቀጣል። ፍሬምናጦስ ደግሞ እንደ አከራዩ መንጠቆዋን በጣት ይዞ ካልሆነ አይሆንም ባይ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ንጉሤ «ትንሽ ሞርሳ ብንገዛ፣ መንጠቆዋን ነክሳ ብትይዝልን ምናለበት?» ቢሉት ሳቀባቸው።

«ሞርሳ የጋራዥ ነው፣ ጋሽ ንጉሤ። በሞርሳ የታሰረች ዝንብ ዓሣውም ይታዘባታል።»

እሳቸውም ሳቁ። ያን ቀን ያሰሯት ዝንብ ድመት የተጫወተችባት ጫጩት መስላ ወጣች።

አንድ ቅዳሜ በወረቀት የተጠቀለለ ላባ ይዘው መጡ። ጎረቤታቸው ጓሮው ውስጥ ዶሮ ያረባል፤ ገብስማ አውራ ዶሮውን ሲያርድ የአንገቱን ላባ ለምነውታል። ጥቁርና ነጩ እንደ ገብስ እሸት የተዥጎረጎረ፣ ለኬባሪ የተፈጠረ የሚመስል ላባ ነው። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው እየመረጡ ሳለ እትዬ ያለምዘውድ ሻይ ይዘው መጡና ቆሙ።

«ገብስማ ነው እንዴ?» አሉ።

«ገብስማ ነው» አሉ ጋሽ ንጉሤ ደስ ብሏቸው።

«ሌላ አልተገኘም? ቀይ፣ ነጭ?»

«ለዚህ ሥራ ገብስማው ነው ፍቱኑ።»

እትዬ ያለምዘውድ ቀዩን ክር አዩ፤ መንጠቆውን አዩ፤ የጋሽ ንጉሤን ፊት አዩ። ሻዩን አስቀምጠው ሄዱ። ለራሳቸው የቀዱትን ግን ጠረጴዛው ላይ ረስተውት ቀሩ፤ አልተመለሱበትም።

መጥፋት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማታ ቆርቆሮውን ሲከፍት ከገብስማዎቹ አንዷ የለችም። በቀጣዩ ቅዳሜ ጋሽ ንጉሤ መጥተው ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ጎደለች። ፍሬምናጦስ ወንበር አነሳ፣ ምንጣፍ ገለበጠ። «ቆጠራ ተሳስቼ ይሆናል» አለ፤ ቀጥሎም የሚሳሳት ሰው አለመሆኑን ለራሱ አስታወሰ። ቤቱ የሚገባ እንግዳ አንድ ሰው ብቻ ነው። አክስቱ እንደሆኑ የላባ ነገር ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራውን ትቶ የሽማግሌውን እጅ ሲጠብቅ ዋለ። ጋሽ ንጉሤ መነጽራቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው በከተቱ ቁጥር አንገቱን አሰገገ።

«ምን ሆነሃል ዛሬ? ሙሽራ እንደሚያይ አማት አፈጠጥክብኝ» አሉት።

«ምንም፤ ድካም ነው።»

ያን ዕለትም አንዷ ጠፋች።

በሳምንቱ ጋሽ ንጉሤ «ትንሽ አሞኛል፣ አልመጣም» ብለው ቴክስት አደረጉ። ፍሬምናጦስ «ለምን ዛሬ አመማቸው?» አለ። ጠይቆ ለመምጣትና ሕመሙ እውነት መሆኑን አይቶ ለመምጣት፣ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ሊጨርስ፣ ብርቱካን ገዝቶ በባርት ባቡር ሳን ሆዜ ወረደ። በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። የታመሙ አይመስሉም። ጋራዡ በኩል መብራት በርቷል፤ ሲያዩት ፈጠን ብለው አጠፉት።

ሳሎን ሲገባ ዓይኑ መስቀያው ላይ ባለው የዓሣ ማጥመጃ ባርኔጣቸው ላይ አረፈ። ባርኔጣው ላይ አንዲት ዝንብ ተሰክታለች። ቀይ ሐር ክር፣ ገብስማ ላባ፣ እንደ ጃንጥላ ወደ ፊት የተገለበጠ፣ አንድ ፀጉር ያልዛነፈባት።

«ይቺን ማን አሰራት?» አለ።

ጋሽ ንጉሤ ፈገግ አሉ። «እኔ ነኛ።»

«እርስዎ?»

«ምነው፣ አልመስልም?»

«በዚህ እጅዎ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል። ፍሬምናጦስ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ቀልድ ነው ይባል ነበር። አላቆመም።

«ከኔ ቆርቆሮ ገብስማዎቹ እየጠፉ ነው፣ ጋሽ ንጉሤ። እርስዎ መጥተው በሄዱ ቁጥር። ቢጠይቁኝ እኮ እሰጥዎት ነበር።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወረዱ፤ ዝንቧን ሊነቅሉ ያዙ። ጣታቸው አልታዘዝ ብሎ መንጠቆዋ ጨርቁን ይዛ አስቸገረቻቸው። ፍሬምናጦስ ቆሞ አየ እንጂ አላገዛቸውም። በመጨረሻ ነቅለው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ያንተ ከሆነች ውሰዳት» አሉ። ከዚያም በር ከፍተው፣ «ባቡሩ እንዳያመልጥህ።»

ወሰዳት። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት እንደያዘ ሰው በወረቀት ጠቅልሎ የደረት ኪሱ ከተታት። ባቡር ውስጥም ደጋግሞ «ይኸው፤ እኔ መቼ ተሳስቼ» አለ፤ ባለ ቁጥር ግን ልቡ አልሞላ አለው።

ቤት ደርሶ ዝንቧን ወደ ቦታዋ ሊመልስ ቆርቆሮውን ከፈተ። የገብስማዎቹ ቦታ ባዶ ነው። ጠዋት ሲወጣ የቀሩት ገብስማዎች አንድም የሉም፤ የሌላ ላባ ዝንቦች፣ የቡኒውም የነጩም፣ እንዳሉ አሉ። ጋሽ ንጉሤ ዛሬ እዚህ ቤት አልረገጡም። ፍሬምናጦስ ቆርቆሮውን እንደያዘ ወደ ኩሽና ገባ። እትዬ ያለምዘውድ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ የነበሩትን አይተዋል?»

ቢላዋውን አስቀመጡ። መካድም አልሞከሩም።

«አውጥቼ ጣልኳቸው።»

«የት?»

«በጠበል ነክሬ፣ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ሀይቁ ውስጥ። በመጀመሪያ አንድ አንድ እያልኩ ነበር እንዳይነቃብኝ ብዬ። ዛሬ ግን ሰውየው አለመምጣቱን ሳይ በአንድ ፊት ገላገልኩህ።»

«ማን እንዳይነቃብዎ?»

«መርፌ፣ ቀይ ክር፣ የገብስማ ላባ። እኔ ትናንት ነው የተወለድኩት? እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ አንገት ለአንገት ገጥማችሁ ትቋጥራላችሁ፤ ገብስማው ነው ፍቱኑ ይለኛል በገዛ አፉ። ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ አለህ? ሚስት አግባ ስልህ ወንዝ ትለኛለህ።»

«የዓሣ ማጥመጃ ናቸው እኮ፣ እትዬ። እኔ ነኝ የሠራኋቸው።»

«እኮ፤ አሠራህ።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«መተት የያዘውን ሰው ስለ መተቱ ይጠይቁታል?»

ፍሬምናጦስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ ጋሽ ንጉሤን ሌባ ብያቸው መጣሁ» አለ።

እትዬ ያለምዘውድ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ወሰዱ። «ያን የመሰለ ትልቅ ሰው? በምን አፍህ?»

«እርስዎ ጠንቋይ ብለዋቸው የለም እንዴ?»

«እኔ በልቤ ነው ያልኩት።»

ከኪሱ ዝንቧን አውጥቶ መብራት ሥር አያት። ከሳን ሆዜ እስከዚህ ሲያመጣት አንዴም ደህና አድርጎ አላያትም ነበር። መንጠቆዋ ጉብጥ የሚለው ቦታ ላይ፣ በሁለቱም ጎን፣ የብረት ጥርስ የነከሰው ምልክት አለ። እሱ በጣት የሚያስራቸው እንዲህ ያለ ምልክት ኖሯቸው አያውቅም። ስልኩን አንስቶ ቲናን ኮል አደረገ።

«አባትሽ ሞርሳ አላቸው? መንጠቆ የሚይዝ ብረት?»

«ኦ፣ ያ ነገር?» አለች ቲና። «ዳዲ አዘዘ፣ ኦንላይን። ኤቭሪ ደይ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዛሬም አልሄደም ኦክላንድ፣ ሊጨርስ ብሎ። ሰርፕራይዝ ነበር ላንተ። ግን ሞርሳ አትወድም አለ፣ ሶ እንዳልነግርህ። ለምን? ምን ሆነ? ሂ ወዝ ፋይን፣ አሁን ተኝቷል። እራት አልበላም።»

«ምንም አልሆነ» አለ ፍሬምናጦስ።

እትዬ ያለምዘውድ ሰምተዋል። መጎናጸፊያቸውን ከወንበር ላይ አንስተው፣ «ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የማኅበራችንን ሽማግሌ አቶ ወልደ ሚካኤልን ይዘን እንሄዳለን» አሉ። «እንዲህ ያለው በሽማግሌ ነው። እኔም ጉልበታቸው ላይ እወድቃለሁ፤ በልቤ ላልኩት።»

ደህና ምክር ነበር። ፍሬምናጦስ ግን አቶ ወልደ ሚካኤልን አሰበ፤ ከዚያ ማኅበሩን፤ ከዚያ በሳምንቱ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለው ሀበሻ ስለ ሞርሳና ስለ መተት ሲስቅ ታየው። «አክስቴ ለማስታረቅ ነው ወይስ ለማውራት?» አለ በሆዱ። «በራሴ እጨርሰዋለሁ» ብሏቸው ክፍሉ ገባ።

ጽፎ አጠፋ፤ ጽፎ አጠፋ። ረጅሙ ሰበብ መሰለው፤ አጭሩ ንቀት። በሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ይቅርታን በስልክ ላይ በፊደል የሚቀበል እንዳልሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ፊታቸውን ከማየት ይህ ቀለለው። በመጨረሻ የላከው ይህ ነው፦

«ጋሽ ንጉሤ፣ ዝንቧ የእርስዎ ነች። የኔን የጣሉት አክስቴ ናቸው፣ በሌላ ነገር ጠርጥረው። እኔ ከአክስቴ ብሻል እንኳ ደግ ነበር። ዝንቧ ከኔዎቹ ሁሉ ታምራለች። በሞርሳም ቢሆን። ቅዳሜ ላምጣልዎት?»

መልእክቱ እንደተነበበ ምልክቱ አሳየ። ፍሬምናጦስ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ያነበቡት እሳቸው ናቸው ወይስ ቲና? ቲና ከሆነች አሳይታቸዋለች ወይስ አጥፍታዋለች? እሳቸው ከሆኑስ ዝም ያሉት ተቀይመው ነው ወይስ ጣታቸው ፊደሉን አልመታ ብሏቸው? አንዱን ሲጥል ሌላውን እያነሳ ቆየ። ቅዳሜ መጣ፣ ሄደ። ተራራው ላይ በረዶው ቀለጠ፣ ወንዙም ጎደለ። መልስ አልመጣም።