ሁለት ጊዜ የተቀባ ጥፍር

ኳሷ የመቺውን ዱላ ጫፍ ነክታ መጥታ የኤርሚኒዮን የብረት ጭምብል መታችው። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዋ ናት። ኤርሚኒዮ አቧራው ላይ ተንበርክኮ ጆሮው ውስጥ የሚጮኸው ነገር እስኪበርድለት ጠበቀ።

"ደህና ነህ?" አለው ከኋላው የቆመው ዳኛ፣ ፎርቱናቶ።

"ይቺማ ትንኝ ናት።"

"ወባ የምታመጣውም እኮ ትንኝ ናት።"

ኤርሚኒዮ እንደ መሳቅ አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሳን ፔድሮ የቤዝቦል ሜዳ ላይ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ሲቀልብ ኖሯል። ጣቶቹ ተሰብረው ተጣመው ድነዋል፤ ጉልበቱ በተነሳ በተቀመጠ ቁጥር ይንቋቋል። ይህንን ለሰማም ላልሰማም በኩራት ያወራዋል። ስለ ጭንቅላቱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሐኪም ከሰማ ያስቆመዋል፤ ከዚህ ሌላ ደግሞ የሚያውቀው ሥራ የለም።

ዛሬ ጠዋት ሚስቱ ዩዴልካ እንደ ወትሮው የቀኝ እጁን ጥፍሮች በራሷ ነጭ የጥፍር ቀለም ቀብታለት ነበር። ኳስ ወርዋሪው የጣቱን ምልክት ከሩቅ እንዲለይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ኤርሚኒዮ ብልቃጡን ይዞ መጣ።

"ነይ ቀቢኝ እንጂ፤ ሊረፍድብኝ ነው።"

ዩዴልካ እጁን አየች፤ ቀና ብላ ፊቱን አየች።

"አንተ ሰውዬ፣ እየቀለድክ ነው?"

"እና ምን መስሎሽ ነው?" አላት።

እሷ ግን አልሳቀችም። ደግማ ቀባችው።

አሁን ስምንተኛው ዙር ነው። የሚወረውረው ዊልኪን ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፈጣኗን ኳስ ሲለቃት ዓይን አያያትም። ከመረቡ ጀርባ ከአሜሪካ የመጡ ሁለት ተጫዋች መልማዮች የተቀመጡት ለእሱ ሲሉ ነው። ኤርሚኒዮ ጣቶቹን በጭኖቹ መሃል ዘርግቶ የምትወረወረዋን ኳስ አዘዘ፤ አንድ ጣት ለፈጣኗ፣ ሁለት ጣት ለዝግተኛዋ ነው። ዊልኪን እሺ በማለት ራሱን ነቀነቀ። ኤርሚኒዮ ዝግ ብላ ወደ ታች የምትጠልቀዋን ሊቀበል ጓንቱን መሬት አስጠጋ።

የመጣችው ፈጣኗ ነበረች። ከጓንቱ በላይ አልፋ ፎርቱናቶን አንገቱ ሥር መታችው።

ዳኛው በጀርባው ወደቀ። መለከት የሚነፉትና ከበሮ የሚመቱት ደጋፊዎች ከመቀመጫቸው ተነሱ። የሕክምና ሰው ሮጦ መጥቶ ሸሚዙን ከፈተለትና ትንፋሹ እስኪመለስ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ትንሽ ወደ መሃል ብትል ኖሮ አልቆለት ነበር" አለ ቀና ብሎ።

አሰልጣኙ ዶን ኤሚልሲዮ እየተንደረደረ ወጥቶ ዊልኪን ላይ አፈጠጠ።

"አንተ፣ ጣት መቁጠር አልተማርክም? ሰው ልትገድልብኝ ነው?"

"አንድ ጣት ነው ያየሁት፣ ዶን። ፈጣኗን ነው ያዘዘኝ።"

"እሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ምልክት ተሳስቶ አያውቅም። ኳሱን አምጣና ውጣ።"

ዊልኪን ወደ ኤርሚኒዮ ዞረ። "ጋሼ፣ ንገራቸው እንጂ።"

መልማዮቹ ደብተራቸውን አጥፈው እየተነሱ ነበር። ኤርሚኒዮ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ቃሉን የሚጠራጠር ሰው ሜዳው ላይ የለም። እጁን አየ። ቀለሙ ተደራርቦ ወፍሯል። አንድ ጣት ነበር ወይስ ሁለት? ትንሽ ቀደም ብሎ የሆነ ነገር ነው፤ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው።

"ምን ነበር ያዘዝከው?" አለው ዶን ኤሚልሲዮ፣ ለወጉ ያህል።

"አላስታውስም፣ ዶን" አለ ኤርሚኒዮ ጭምብሉን አውልቆ እየሰጠው። "ልጁ ይወርውር። እኔን ያስወጡኝ።"