ሃያ አንድ መርፌ

ደበሌ አናጢ ነው፤ ጅጅጋ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ኖሯል። አሁን ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ካቃተው ወር አልፎታል። መንገደኛው በጠራራ ፀሐይ የሰከረ ይመስለዋል፤ ሰውየው እንኳን አረቄ ጠላም አይቀምስ። ሸደር ከተማ ላይ የጀመረው መጋዘን ጣሪያው ሳይለብስ ይጠብቀዋል። ሚስቱ እታገኘሁ ዛሬ በባጃጅ ወደ ሐኪም ያመጣችው፣ እንደገና መሰላል መውጣት ይችል እንደሆን ለማወቅ ነው።

ዶክተር ሳብሪን እግሩን ገጥሞ ዓይኑን እንዲጨፍን አዘዘችው። ገና ሲጨፍን እንደ ተገፋ ሰው ወደቀ፤ ነርሱ ነው የቀለበው።

«ለኩላሊት ሕመምዎ ጄንታማይሲን የሚባለውን መርፌ ተወግተዋል። ስንት ቀን?»

«እኔ በትኩሳት ራሴን አላውቅም ነበር። እሷ ታውቃለች።»

እታገኘሁ ታውቃለች። የታዘዘው የሰባት ቀን ነበር፤ በሰባተኛው ቀን ደበሌ ተነስቶ ሾርባ ጠጣ። ለእሷ መድኃኒት ማለት መርፌ ነው፤ ክኒን የሕፃን ማባበያ ነው። ሰባቱ ካስነሳው ተጨማሪው ያጠነክረዋል ብላ፣ ሰፈር ውስጥ የሚወጋውን ጡረተኛ ድሬሰር ለምና ሁለት ሳምንት አስቀጠለች። ድሬሰሩ ይበቃዋል ቢልም እሷን ማን ይመልሳት። አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል ይባላል፤ እዚህ ግን አልጠግብ ያለችው ሌላ፣ የሚተፋው ሌላ ሆነ።

«ሃያ አንድ» አለች። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ እንባ ግን አልመጣም። ውስጧ ደንዝዟል።

«ያ ረቢ» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ፣ ፀጉር ያላቸው ሴሎች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፀጉሩ ይታጠፋል፤ ሴሉ ኬሚካል ይለቃል፤ ነርቭ ያንን ተቀብሎ ለአንጎል ያደርሳል። የእርስዎን ሴሎች መድኃኒቱ በዝቶ ገድሏቸዋል። ነርቩ አለ፤ የሚነግረው የለም።»

«ተመልሰው አይበቅሉም?» አለ ደበሌ።

«አይበቅሉም። በልምምድ ዓይንዎና እግርዎ ያግዙዎታል፤ ይራመዳሉ። ጣሪያ ላይ ግን ከእንግዲህ አይውጡ።»

ደበሌ ወደ ሚስቱ ዞረ። «የታዘዘው ስንት ነበር?»

«ሰባት» አለች።

ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ፤ እሷም ተከተለችው። የዶክተሯ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ክንዱን ልትይዘው ስትል አራቃትና በግድግዳው ተደግፎ ብቻውን መውረድ ጀመረ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተንገዳገደ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋላት።