ካምቢዮው አይፈታም

ትራክተሩ እርሻው መሃል ቆመ። ሞተሩ ያጓራል፣ ጭሱ ይንቦለቦላል፣ ማረሻው አፈር ውስጥ እንደገባ ነው፤ ጎማው ግን ንቅንቅ አልል አለ። ከመቀመጫው ሥር የተቃጠለ ነገር ሸተተ። የዘር ጊዜ ሊያልፍ ስምንት ቀን ቢቀረው ነው።

ትንሿ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ቤተሰቡ «ትንሿ» ይበላት እንጂ ሃያ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን መሬት ያረሰችው እሷ ናት። ታላቅ ወንድሟ ግን አንድም ቀን አምኗት አያውቅም። ከተማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይሠራል። ለሁለት ሳምንት ዕረፍት መጥቶ፣ ቤት ውስጥ የሚወዛወዝ ያገኘውን ሁሉ ሲያጠብቅ ከረመ፤ የበሩን ማጠፊያ፣ የአልጋውን እግር፣ የቧንቧውን እጀታ። የቧንቧው እጀታማ ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ።

«ጨረስሽው አይደል!» አለ ገና ከሩቅ። «ሹፌር እንቅጠር ብዬ ስንቴ ለፈለፍኩ!»

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ መጣ። ሳይነካ ስለሚፈርድ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ትራክተሩን አንዴ ዞረው፤ ጎማውን በጫማው መታ አደረገና ምንም ያልነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ካምቢዮው ነው። ጥርሱ ተበልቷል። ትራክተሩ ለሁለት ተከፍሎ መፈታት አለበት። ሦስት ሳምንት ስጡኝ።»

«ሦስት ሳምንት?» አሉ ከጎኑ የቆሙት የትንሿ እናት። «ዘሩስ?»

«እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? የሴት እግር ፍሪሲዮን ላይ መተኛት ይወዳል» ብሎ ሳቀ።

ወንድምዬው አብሮ ሳቀ። «እንግዲያው ይለይለት። ካምቢዮው ከተፈታ እሷ ከዚህ ወንበር ትውረድ። ተስማማን እማዬ?»

ትራክተሩ የእናት ነው። ትንሿን አዩ፣ ያልታረሰውን መሬት አዩ፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ትንሿ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። አሁን ግን ወደ ትራክተሩ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«አይፈታም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ካምቢዮው አይፈታም። መጀመሪያ ይፈተሻል።»

«እሰይ! ፕሮፌሰር፣ ሥራዎን ተቀሙ!» አለ ወንድሟ።

ወንበሩ ላይ ወጥታ ሞተሩን አስነሳችና ማረሻውን ከአፈር አነሳች። ማርሾቹን ተራ በተራ አስገባቻቸው። ሁሉም ያለ አንዳች ጩኸት ገቡ። የተበላ ጥርስ እንዲህ ዝም አይልም። ቀጥላ ትልቁን ማርሽ አስገባች፤ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረግጣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለች ለቀቀችው። ጎማው ታስሮ ሳለ የሞተሩ ጉልበት እስከ ጎማው የሚደርስ ቢሆን፣ ሞተሩ ታንቆ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ምንም እንዳልተፈጠረ ማጓራቱን ቀጠለ።

«ሰማችሁ?» አለች አጥፍታው። «ጉልበቱ ፍሪሲዮኑ ጋ እየቀረ ነው። ካምቢዮው ጋ ጭራሽ አልደረሰም።»

ፕሮፌሰር ጉሮሮውን ጠረገ። «የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋላ! እሱም ቢሆን ያው መፈታት ነው።»

ወንድሟ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው! ውረጂ።»

ወረደች፤ ግን መሬት ላይ ተንበርክካ ፔዳሉን በመዳፏ ገፋችው። ደህና ፔዳል ሥራ ሳይጀምር ሁለት ጣት ያህል በባዶው ይሄዳል። ይሄኛው ገና ስትነካው ሥራውን ይጀምራል፤ ማንም ሳይረግጠው ግማሹን የተረገጠ ያህል ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይያዝም። በጀርባዋ ተንፏቃ ከሥር ገባች። ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘው ዘንግ ዝገት የበላው ነው፤ ብሎኑ የሚዞርበት ጥርስ ግን አዲስ ሆኖ ያብረቀርቃል።

«ይሄን ብሎን ማን ነካው?»

የወንድሟ ጫማ አፈሩን ሲጭር ይታያታል።

«አንተን ነው እኮ ጋሼ።»

«ፔዳሉ ይወዛወዝ ነበራ! ላልቷል ብዬ አጠበቅኩት። እግርሽ አቅም የለውም፣ ይቅለላት ብዬ ነው። ይሄ ጥፋት ሆነ?»

«መቼ?»

«ቅዳሜ ይመስለኛል።»

«ከቅዳሜ ጀምሮ እኔ ስነዳ፣ አንተም ከሥር እየረገጥክልኝ ነበር ማለት ነው» አለች። እናት አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ፤ ይሳቁ ይናደዱ አልታወቀም።

ፕሮፌሰር ሳይጠየቅ የብሎን መፍቻውን ዝቅ ብሎ አቀበላት። ብሎኑን ወደ ኋላ መለሰችው፣ ፔዳሉን በጣቷ ለካች፣ ደግማ መለሰችው። ፍሪሲዮኑ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ወጥታ ያንኑ ፈተና ደገመች፤ ትልቁ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን። ትራክተሩ አንዴ ተንዘፈዘፈና ሞተሩ ታንቆ ጸጥ አለ።

«ተያዘ» አለ ፕሮፌሰር፣ በቀስታ።

ወንድሟ ዘሎ መወጣጫው ላይ እግሩን አሳረፈ። «በይ ተነሺ፣ እኔ ልሞክረው።»

ትንሿ ሞተሩን አስነሳች። እሷ ግን አልተነሳችም። የተቃጠለው ሽታ ጨርሶ እንዳልጠፋ፣ የዲስኩ ዕድሜ እንዳጠረ ታውቃለች። ከርሞ ሲያልቅ ጥፋቱ ወደ እሷ እንደሚዞርም ታውቃለች። ይዙር።

«እግርህን አንሳ ጋሼ።»

«እማዬ፣ ትሰሚያታለሽ?»

«ሰማኋት» አሉ እናት። «አንሳ ብላሃለች።»

ማረሻውን አፈር ውስጥ ከተተችው፤ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ያዘ። ወንድሟ ወርዶ ገና ባልታረሰው በኩል ቆሞ ነበር፤ መስመሯን አልቀየረችም። እሱ ከመንገዷ ዞር አለ።